ከማዋለጃው ደጃፍ የቀረ ነጭ ጫማ

ኅዳር 4

መስኮቶቹን ወለወልኩ። ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ኃላፊ መጣ። ከበር ላይ ሆኖ ፈገግ ሲል ነገር እንዳለው ገባኝ።

«ሲስተር፣ አንዲት የአዋላጅነት ተማሪ ለልምምድ ተመድባልናለች። ማረፊያ…»

«ያለፈችውስ የት ገባች?»

«ተመርቃ ከተማ ቀረች።»

«ከሷ በፊት የነበረውስ?»

«እሱም ሄደ።» ይመጣሉ፣ ይማሩብናል፣ ይሄዳሉ። ያለችን አንዲት አዋላጅ ደግሞ በሰኔ ትዛወራለች። ምትክ ካልተገኘ ማዋለጃው ክፍል ይዘጋል። ያንን ክፍል በወጣትነቴ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልሞትኩም።

ትምጣ አልኩት።

ኅዳር 6

መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሻንጣዋ ከሷ የሚበልጥ። ገና ደጃፌ ሳትደርስ ጎረቤቴ ባለሱቋ፣ «እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ልጅ! መቼ ነው የምትመለሺው?» አለቻት። ደግነቷ መሆኑ ነው… እንግዳ ሳይቀመጥ ሽኝት!

ኅዳር 10

እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው ይባላል። የኛ ሰው ግን ተማሪን እስከ መጨረሻው ወርቅ ያደርጋል። ደህናው ወንበር ለሷ። ውኃ እንዳትቀዳ። ክፉ ወሬ እንዳትሰማ። ሲያበቃ ድግስ፣ ስጦታ፣ እንባ። ታዲያ እንግዳ ምን ያደርጋል? ይሄዳል! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየንም?

በማለዳ መጥረጊያ ሰጠኋት።

«እኔ ነኝ የምጠርገው፣ ሲስተር?»

«ሦስተኛው ቀን አለፈ።»

ባለሱቋ በአጥር ብቅ ብላ፣ «ኧረ በሰው ልጅ! ነውር አይደለም?» አለች። የሰው ልጅ አይደለችም፣ የቤት ልጅ ናት አልኳት።

ኅዳር 17

ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ብቅ ማለቴን አልተውኩም። አልጋ አነጣጠፏ ደህና ነው። ማዕዘኑ ይቀረዋል። ግን የውጭ ጫማዋን እንዳደረገች ማዋለጃው ክፍል ገባች! አዋላጇ አይታ ዝም። «እንግዳ ናት ብዬ» ትላለች።

«ውጪ!» አልኳት ልጅቷን።

«ቸኩዬ ነው፣ ሲስተር፣ አንዴ…»

«የሚወለደው ልጅ መቸኮልሽን አያውቅም። ውጪ!»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወጣች። እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። አበዛሁት ይሆን?… አላበዛሁም።

ኅዳር 18

ከባለሱቋ ነጭ ጫማ ገዝታ ማዋለጃው ደጃፍ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። ለክፍሉ ብቻ። ማንም አላዘዛትም።

ታኅሣሥ 3

ነፋስ። የጉልበቴ ቁርጥማት። ሌላ ምንም።

ታኅሣሥ 22

ከገበያ ስመለስ ሱቁ ውስጥ ማን ተቀምጣለች? ልጅቷ! ስኳር ትመዝናለች።

«ባለሱቋስ?»

«ምራቷን ልታይ ሄደች፣ እማማ። ጠብቂልኝ፣ ስትመዝኚ ደግሞ እንዳታበዢ ብላ ተቆጥታኛለች።»

ሱቁን ለእንግዳ ጥሎ የሚሄድ አለ? ደግሞ… እማማ አለችኝ። ሲስተር ማለቱን መቼ እንደተወችው አላስተዋልኩም።

ጥር 28

ልምምዷ አለቀ። ድግስ እናድርግ ሲሉ እንቢ አልኩ። ባለሱቋ ተቆጣች፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን በባዶ ሆድ ልትሸኚያት ነው?» እራቷንማ በልታለች። እናቷ ስልክ ደውላ ነበር። ስትመረቅ የምትገባበት ሥራ ከተማ ውስጥ ተገኝቶላታል፤ የግል ሆስፒታል።

ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያውን ልትሰናበት አብረን ሄድን። ነጩን ጫማ አነሳችው።

«ልውሰደው አይደል?»

«የክፍሉ ጫማ ከክፍሉ አይርቅም።»

«የራሴ ነው እኮ፣ እማማ።»

«እኮ።»

አየችኝ። መልሳ አስቀመጠችው። አቅፋኝ ሄደች። ቂም ይዛብኝ ይሆን?

ሰኔ 30

አዋላጇ ተዛወረች። ማዋለጃው ተቆለፈ። የባለሱቋ ምራት የመውለጃ ቀኗ እየቀረበ ነው… በዚያ መንገድ፣ በዚያ መኪና፣ እስከ ከተማ?

ሄጄ መደርደሪያውን ወለወልኩ። ጫማው አለ።

ነሐሴ 9

የቤቴ በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። መጀመሪያ ሻንጣው ገባ። ከዚያ እሷ።

«ለዕረፍት ነው?»

«እዚሁ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ ነው። ራሴ ጠይቄ።»

«እናትሽስ?»

«አኩርፋለች። ይወጣላታል።»

«የሆስፒታሉ ደመወዝ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ጥሩ ነው። ግን ጫማዬ እዚህ ነዋ!»

ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ተወችው።

«እዚያ ብሳሳት ደመወዝ ይቆርጡብኛል፣ እማማ። እዚህ ይቆጡኛል።»

ሻንጣዋን ሳትፈታ መጥረጊያውን አነሳች። ደጃፉ እንዲህ ሆኖ ዝም ብለው ያዩታል? አለችኝ። እኔን!

መስከረም 11

የባለሱቋን ምራት ምጥ ያዛት። ስሰማ እንዴት እንደሮጥኩ እኔም አላውቅም። ጉልበቴ የት እንደነበር… በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

«እማማ! ጫማዎ!»

ዝቅ ብዬ አየሁ። የውጭ ጫማዬ፣ ከነጭቃው።

«ቸኩዬ ነው፣ ልጄ…»

«የሚወለደው ልጅ መቸኮልዎን አያውቅም። ይውጡ!»

ይህን ስትል ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ዓይኗ የምታምጠዋ ላይ ነው። መሆን ያለበትም እዚያው ነው። ወጣሁ። አግዳሚው ላይ ከባለሱቋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ምነው? ለምን ወጣሽ?»

«ተባረርኩ።»

«አንቺ? ራስሽ ከከፈትሽው ክፍል? ኧረ ይቺ ልጅ ድፍረቷ!»

«ተያት። ትክክል ናት።»

እንዲህ ደስ ብሎኝ ከየትም ተባርሬ አላውቅም።

ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ። ጠንካራ ለቅሶ። ባለሱቋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ በትከሻዋ አሻግሬ መደርደሪያውን አያለሁ። ነጩ ጫማ ቦታው ላይ የለም። ልጅቷ እግር ላይ ነው።