የጎማ መፍቻው

ለምወድህ ወንድሜ ለዱጉማ፣

የሞያሌ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ፉሪ ዝናቡ ቢያማርረንም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

ያቺ አሮጌ ጂፓችን አለቀላት። ከአባዬ ጋር ጭድ ጭነን ስንመለስ ለቡ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ግሎ እንፋሎት ተፋ። መካኒኩ ደምሰው ከጋራዡ ሮጦ መጥቶ «ጋሽ ኮርሳ፣ እስኪቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይከፍቱት!» ቢልም አባዬ ማንን ሊሰማ! ከፈተው። የፈላው ውሃ ክንዱን ገሸለጠው። በንዴት አንድ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሞተሩ ላይ ቸለሰበት፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ይኼኔ የጎማ መፍቻውን አንስቶ መብራቱንም መስታወቱንም አንኮታኮተ። ደምሰው «ነግሬዎት ነበር እኮ» ቢለው፣ በዚያው ብረት እጁን ሰበረው።

አትጨነቅ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀዋል። ጂፗንም ለብረት ነጋዴ ሸጥናት። መፍቻውን ግን አባዬ አልሸጥም ብሎ አስቀረው፤ እራት ሲበላ እንኳ ከጎኑ አይለየውም።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሃለች። ሰሞኑን እኔ ጋ ነው የምትተኛው። ብርዱ ነው ትላለች፤ ጫማዋን ግን አልጋ ላይም አታወልቅም።

ለመስቀል እመጣለሁ ብለህ ነበር። ከቻልክ ቀደም በል።

እህትህ ሌንሳ