ፕሮፌሰር ሆሱ እንደሚሞቱ አስቀድሜ እንዳረጋግጥ ላዘዙኝ ዲን

ለተከበሩ ዶክተር ሊቪዩ ስታንቹ፣ የሒሳብና የኮምፒውተር ፋኩልቲ ዲን፤

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ማኅተምዎም፣ የጸሐፊዎ የወይዘሮ ዶይና ትዕግሥትም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

የሥነ አመክንዮና የስሌት ንድፈ ሐሳብ ተማሪዎ ነኝ። አማካሪዬ ፕሮፌሰር ኦክታቪያን ሆሱ በቆሽት ካንሰር ይሠቃዩ ስለነበር፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ከሰኔ በፊት እሳቸው ባሉበት በፈታኞች ፊት እንዳቀርብ በትሕትና ለምኜዎት ነበር። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. ጥያቄዬ አስቸኳይ መሆን አለመሆኑ በመደበኛው ስብሰባ እንዲወሰን ስላደረጉ አመሰግናለሁ። መደበኛው ስብሰባ ራሱ በሰኔ መሆኑን ባመለክት፣ ወይዘሮ ዶይና «ልጄ፣ ምን ያጣድፍሻል? እሳቸው እንደሆነ የትም አይሄዱ!» ብለው አጽናንተውኛል።

2. ፕሮፌሰሩ እስከ ሰኔ በሕይወት እንደማይቆዩ የሐኪም ማረጋገጫ እንዳመጣ ስላዘዙኝ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አልፈርምም አለችኝ። ይህንኑ ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው አልጋቸው ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ «ሊቪዩ ያን ዕለት ከክፍል ቀርቶ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። እርስዎም ተማሪያቸው በነበሩ ጊዜ፣ ያን ዕለት ያስተማሩት፣ የትኛውም ስሌት ይቁም አይቁም አስቀድሞ የሚናገር አንድ ዘዴ እንደሌለ ነው፤ አንዳንዱን እስኪቆም ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለም። እርስዎም በክብር ጠበቁ።

3. ፕሮፌሰሩ በግንቦት አረፉ። ጽሑፌ የመለሰውን ጥያቄ ከዓመታት በፊት ያነሱት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ምኞታቸውም መልሱን ቆሜ ሳስረዳ ከፊት ወንበር ተቀምጠው መስማት ነበር። እዚህ ላይ የማመሰግንበት ቃል አጣሁ። ተናድጃለሁ፤ በጣምም አዝኛለሁ።

የጠየቁት ማረጋገጫ አሁን ስለተገኘ የሞት ምስክር ወረቀታቸውን አያይዣለሁ፤ አስቸኳይነቱ በሰኔው ስብሰባ ይታይልኝ።

የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ ከልብ የምትመኝ፣
ታዛዥ ተማሪዎ
ስማራንዳ ፒንቴያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለቀብሩ አበባ ስገዛ፣ እጄ ለፈተናው ዕለት ልሰጣቸው ባሰብኩት ልክ አምስት ካርኔሽን አነሣ። እንደሚያውቁት በአገራችን አበባ ለሕያው ሰው የሚሰጠው በጎዶሎ፣ ለሙት በተጋማሽ ቁጥር ነውና አራቱን መቃብራቸው ላይ አኖርኩ። የተረፈችውን አንዷን ቢሮዎ በር ላይ ትቼልዎታለሁ። አንድ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ለሕያው ሰው ይሰጣል፤ በሕይወት ስለመኖርዎ ግን ማረጋገጫ አልጠየቅሁም።