የመጀመሪያው ጎርፍ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6
ስሜን ፍቀውታል። ሦስት ወር ሙሉ ሐርተሼክ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስለ ቢርካዎች፣ ስለ ዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶቻችን የጻፍኩት ጥናት ዛሬ ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ያለው የአለቃዬ ስም ነው። አዲሱ መንገድ ጎርፉን ከቢርካዎቹ እንዳራቀው ያሳየሁበት ገጽም የለም። «የቡድን ሥራ ነው፣ እህቴ» አለኝ። «ቡድኑን እዚያ አላየሁትም» አልኩት። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ሞልቼ ወጣሁ።
ከሰዓት የአባቴ እህት ኤዶ ሀሊማ ደወለች። ዘንድሮም የአያቴ ቢርካ ካልሞላ ፍየሎቹን ሸጣ ጅጅጋ፣ እኔ ዘንድ ልትገባ ነው። እየሳቀች ነገረችኝ። ቀልድ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7
በቀብሪበያ አድርጌ ሐርተሼክ፣ ኤዶ ዘንድ ገባሁ። ቢርካው ደርቋል፤ ደረጃውን ይዤ ወረድኩ። ልጆች ሳለን ዝናብ ሲቃረብ አያታችን መጥረጊያ አስይዞ እዚህ ያወርደን ነበር። እንዘፍናለን፤ ግድግዳው ድምፃችንን ይመልሳል። ብቻዬን «አዎዌ!» ብዬ ተጣራሁ፤ አያቴን የምጠራው እንደዚያ ነበር። ግድግዳው መለሰልኝ።
አዎዌ በየዓመቱ ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በምስማር ይጭር ነበር። መስመሮቹ አሁንም አሉ። ከሁሉም በላይ ያለው የተወለድኩበት ዓመት ነው። «አንቺ ያመጣሽው ውሃ» ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8
ቁፋሮ። ከመንገዱ ሥር ካለው ቱቦ ወደ ቢርካው እስከሚወስደው አሮጌ ቦይ። ገጹን ከጥናቱ ቢቆርጡትም ጎርፉ የሚሄድበትን አውቃለሁ።
ጎረቤታችን አብዲ አካፋውን ተደግፎ፣ «ኢንጂነር፣ ወረቀቱ አልቆፍር አለሽ?»
«አፍህስ ይቆፍራል?»
ሳቀ። ቦዩ ውስጥ ገባ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9
ጨረስን። መዳፌ ተልጧል። ቱሊ ጉሌድ ወረዳ ዘንቧል አሉ። እዚህ ነፋስ ብቻ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10
ዘነበ! ጎርፉ ከቱቦው ወጥቶ ቦያችንን ይዞ መጣ። ኤዶ ግን የቢርካውን አፍ በድንጋይና በጭቃ ደፍናው ቆማለች። የአዎዌ ሕግ ነው፤ የመጀመሪያው ጎርፍ የመሬት ነው፣ አፈሩንና ፋንድያውን አጥቦ ይለፍ። ያኔ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ይከተል ነበር።
«ክፈቺው! ሌላ ላይመጣ ይችላል!» ብዬ ጮህኩ።
«ለልጆች ፋንድያ ላጠጣ? ለዚህ ነው የተማርሽው?»
ትክክል እንደሆነች አውቃለሁ። ውሃው አለፈ። ዝናቡም አባራ። እያየሁት አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11
አስር ሰዓት ላይ እንደገና ጣለ። ድንጋዩን እኔው አነሳሁት። ውሃው ገባ! ድምፁ የልጅነቴ ድምፅ ነው።
ሲያባራ ደረጃው ላይ ወርጄ ውሃው የደረሰበትን በምስማር ጫርኩ። ከአዎዌ መስመሮች ሁሉ ዝቅ ያለ ነው።
«ስምሽንም ጻፊ። እዚህ የሚፍቀው የለም» አለች ኤዶ።
ጻፍኩ። የእሷንም፣ የአብዲንም። ይኼ የቡድን ሥራ ነው።
«ከቆጠብን እስከ ሰኔ ያደርሰናል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።
«ፍየሎቹስ? ትሸጫቸዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።
ባልዲውን አቀበለችኝ። «ይጠጡ እንጂ» አለች።