ስሙ የተጠራበት ልቅሶ

ፍኖተ ሰላም
ሚያዝያ 25 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ለያይኔአበባ ወልደ ገብርኤል
አዲስ አበባ

ያይኔ፣

«ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ በጭንቅ ቀን ማስታወሴ እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። «ስሙ ቸኮለ፣ መምጫው ዘገየ» ትይኝ አልነበር? ዘንድሮም ያው ነኝ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። እዚህ የኪነት ቡድን አቋቁሜ አሥራ ሁለት የገበሬ ልጆች ቴአትር አስተምራለሁ። የምንለማመደው ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው፤ ጤፉ አልቆ አቧራው ስለቀረ ገበሬውም ወታደሩም እያስነጠሰ ነው የሚተውነው። መጀመሪያ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄደውን ትወና አስተማርኳቸው፤ የትከሻ አያያዝ፣ ትንፋሽ፣ ድምፅን እስከ መጋዘኑ ጥግ መላክ። ዘሩ የሚባለው ልጅ ባላባት ሆኖ ጎምለል ሲል አንጀት ያርሳል። ጅጋ ገበያ ላይ ስናሳይ አንዲት ባልቴት ከመሐል ተነሥተው «ዛሬ አገኘሁህ!» ብለው በዱላ ወገቡን አሉት። ከዚያ ወዲህ ባላባት አልሆንም ብሎ አስቸግሮኛል። ለኃላፊያችን ለጓድ ገደፋው ግን ያለው ትወና አንድ ብቻ ነው፤ ቡጢ ሽቅብ፣ ጉሮሮ እስኪሰነጠቅ መጮህ።

ጣጣው የመጣው ከሁለተኛው ትምህርት ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ከሚወጣው። ለሠራተኞች ቀን ያዘጋጀሁት ድርሰት ኦጋዴን ላይ ስለወደቀ ወታደር ነው። የወታደሩን እኅት የምትጫወተው ሲሳይነሽ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቡሬ ልጅ ናት። ልቅሶው አልመጣላት አለ። ደረቷን ትደቃለች፣ ትጮኻለች፣ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። «የራስሽን ሙት አስቢ» አልኳት። «ማን እንደሆነ ለእኔም አትንገሪኝ። ስሙን በሆድሽ ያዢውና አልቅሺ።»

ሳቅ አለች። ጓድ በሉኝ ብላቸው የሚሰማኝ የለም፤ «የኔታ» ነው የሚሉኝ። «የኔታ፣ በእኛ አገር እኮ ስሙ ካልተጠራ አልተለቀሰለትም ነው የሚባል። ስም በሆዷ ይዛ የምታለቅስ አይተው ያውቃሉ?»

እኔ ሞኙ ቀልድ መሰለኝ። «መድረክ ላይ ይቻላል» ብያት አለፍኩ።

ምነው ያን ጊዜ በጠየቅኳት! ክንዱ የሚባል ታላቅ ወንድሟን ባለፈው ጥር «ፀረ አብዮት» ብለው ቡሬ መውጫ ላይ ገድለውታል። ሬሳው ሁለት ቀን መንገድ ዳር ውሏል። እናቱ እንዳትቀብረው፣ ዘመድ እንዳያለቅስለት ተከልክሏል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከበዓሉ በኋላ ነው።

ከትናንት በስቲያ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሲሳይነሽ ገባች፤ የወታደሩን ካፖርት አቀፈች፤ የተጻፈላትን ተናገረችና ዝም አለች። ረሳችው ብዬ ከመጋረጃው ጀርባ ላስታውሳት ስል እንዲህ ብላ አወጣችው፤

ጠላት የሚመክተው፣ ማሳ የሚያርሰው፣
ክንዱ መሬት ወድቆ እንባዬን ማን ያብሰው።

ጓድ ገደፋው የወታደሩ ክንድ መስሎት ከሁሉ ቀድሞ አጨበጨበ። የቡሬ ሰዎች ግን ማንን እንደጠራች ገባቸው። አንዲት ሴት ከኋላ «ወይኔ ክንዱ!» ብላ ተነሣች። አጠገቧ ያለችው የራሷን ልጅ ስም ጠራች፤ ቀጥላ ሌላዋ፣ ቀጥላ ሌላዋ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው ቆሙ። ለወራት የታፈነ ልቅሶ አዳራሹን ሞላው፣ ያይኔ፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በመድረክ ዘመኔ አይቼ አላውቅም። አንዱ ሰው ሄዶ በጓድ ገደፋው ጆሮ ሹክ ሲለው ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ታጣቂዎቹ ልጅቷን ከነካፖርቱ ወደ እስር ግቢው ይዘዋት ሄዱ።

ትናንት ጓድ ገደፋው አስጠራኝ። «ግጥሙ ድርሰቱ ውስጥ ካለ ያንተ ነው፤ ከሌለ የሷ ነው። ሐሙስ ጠዋት ድርሰቱን ይዘህ ና» አለኝ። የሷ ከሆነ ምን እንደሚያገኛት ልነግርሽ አያስፈልግም። እዚያ ግቢ ገብቶ የወጣ ሰው እስካሁን አላየንም።

ዛሬ ጠዋት እናቷ እማማ ሀብትነሽ ከቡሬ በእግራቸው መጥተው መጋዘኑ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ ጉልበቴ ላይ ወደቁ። «የኔታ፣ አንድ ክንድ ነበረኝ፣ ተቆረጠ። የቀረችኝ ሲሳዬ ይቺው ነች። ላለቀሰ ሞት የሚል ሕግ አለ እንዴ? አንቱ ያስተማሯትን ነው ያደረገች።» እውነታቸውን ነው።

ይህን የምጽፍልሽ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ድርሰቱ ፊቴ ተዘርግቷል። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ንግግሯ ከሚያልቅበት ሥር፣ ሁለቱን ስንኞች በእጅ ጽሑፌ አስገባኋቸው። ቀለሙ ይህ ደብዳቤ የተጻፈበት ቀለም ነው። «ክንዱ ያልኩት የወታደሩን ክንድ ነው፤ ልጅቷ ያስጠናኋትን ነው ያለችው» እላለሁ። ገደፋው ግን የጎጃም ልጅ ነው፤ ሰምና ወርቅ ሲሰማ ያደገ በቀላሉ አይታለልም። ግጥሙ ከእኔ አንጀት እንደወጣ አስመስዬ ሳይሆን አምኜ መናገር አለብኝ። ተለማመድኩት። ከውጭ ወደ ውስጥ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ከዚያ ለሲሳይነሽ ያልኳትን አደረግኩ፤ የራሴን ሙት አሰብኩ።

የመጡልኝ አባትሽ ናቸው። በቀብራቸው ዕለት እኔ መድረክ ላይ ለሌላ ሰው አባት ሳለቅስ ነበር፤ ስደርስ አፈሩ ተመልሷል። «እንባህ ለመድረክ ነው እንጂ ለሰው አይደለም» ብለሽኝ ሄድሽ። ዛሬ ባዶ መጋዘን ውስጥ «አባባ ወልደ ገብርኤል!» ብዬ ስማቸውን ጮክ ብዬ ጠራሁ። መጣ፣ ያይኔ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንባው መጣ። ይቅር በይኝ።

እፈራለሁ። ግሽ ዓባይ ጠበል ሄጃለሁ ብዬ ለመጥፋት አስቤም ነበር፤ ግን ሴትዮዋ አሁንም ደጃፉ ላይ ናቸው።

ደብዳቤውን ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሹፌር ዳኘው በእጅሽ ይሰጥሻል። የሠራሽልኝን ሹራብ አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ወራቱ ሞቃት ነው፣ አያስፈልገኝም። ምናልባት ገሥጸው ይለቁኝ ይሆናል። ወሬዬ ቢጠፋብሽ ግን አትምጪ፤ ማንንም አትጠይቂ። የአባትሽ አምላክ ከፊት ከኋላሽ ይሁን፤ ክፉ አይንካሽ።

እዚያም ማልቀስ ከልክለው ከሆነ፣ ጎረቤት ባለበት ጮክ ብለሽ «ቸኮለ፣ ምነው ቸኮለ» በዪ። የሚሰማሽ ሁሉ ስለ አንድ ችኩል መንገደኛ የምታወሪ ይመስለዋል።

ያንቺው
ቸኮለ