ቡቺ በሽተኛ ጠየቀች

ሽመክት፣

መኪናው ተጭኗል፤ በጋላፊ ድንበር ወደ አገር ቤት መውጣቴ ነው። ቡቺን አብልቻታለሁ። ውሃዋን ፀሐይ ሳያፈላው ጥላ ስር አድርግላት።

ግቢዋን ለምትጠብቅላት ለሀራሙስ ሰፈሯ ማዳም ንገራት፤ ሆስፒታል እየዞረች በሽተኛ እንድታጽናና አሠልጥናት ብላ የሰጠችህ ቡችላ ተመርቃለች። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ወባ ሲያንዘፈዝፈኝ ማንም ሳያዛት መጥታ አገጯን ክንዴ ላይ አሳርፋ ዋለች። አልዘለለችም፣ አልጮኸችም። «ከውሻ ጋር አንድ ቤት አላድርም» ብዬ የፎከርኩት እኔው አፈርኩ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

እሷን።

አንተማ በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆመህ አየኸን። ፊትህ በራ። «እግዜር ይማርህ» ልትለኝ ነው ብዬ ከትራሴ ቀና አልኩ። «ጎሽ ቡቺ!» ብለህ ብስኩት አጎረስካት።

እኛ አገር እኮ በሽተኛ ለመጠየቅ ሥልጠና አያስፈልግም ነበር።

ቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ብስኩት ቀርቷል። አንዱ የእሷ ነው። ሌላውን እንዳትነካው፤ «እግዜር ይማርህ» ማለት የቻልክ ዕለት በእጄ አጎርስሃለሁ።

ጀንበሬ