ዋንዳ፣ ቤትሽ ግቢ

ለምወድህም ለምናደድብህም ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉሮሮህስ ተሻለህ? ባለፈው በስልክ ስትስል ሰምቼ ማርና ሎሚ ጠጣ ብዬህ ነበር፤ እንደማትሰማኝ ግን አውቃለሁ። ያቺ አሮጌ መኪናችሁስ መንገድ ላይ ጥላችሁ አልቀረችም? እኛ ደህና ነን። የቶሊዶ ብርድ ገና አልለቀቀንም፣ እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ድመቷም እንደ ወትሮዋ አንተ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። በወረቀት መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ብልክልህ መኪና ውስጥ ጮክ ብለህ ለጓደኞችህ ታነብላቸዋለህ፣ አውቅሃለሁ። ይሄን ለብቻህ አንብበው፣ አደራ።

ያለፈው ወር ኮለምበስ ስትጫወቱ ከብሪን ጋር መጥቼ ነበር። ሳልነግርህ። ብሪን ያው የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ያቺ ማንኛውም ባንድ ሳይታወቅ በፊት እኔ አውቀው ነበር የምትለዋ። ከነዳጅ ማደያ የገዛነውን የደረቀ ሳንድዊች እየበላን፣ በየመንገዱ ስለ ባንዶች እየተጨቃጨቅን ነዳን። በር ላይ ለመጠጥ ዕድሜያችን ስላልደረሰ እጃችን ላይ በጥቁር ቀለም ትልቅ ኤክስ ጻፉብን። እህትህ ሆኜ ሳይሆን እንደማንም ሰው ላይህ ስለፈለግኩ ከኋላ ቆምኩ። መቼም የኛ የኦሃዮ ሰው ባንድ ሲያይ እጁን አጣምሮ፣ «እስቲ አስደስተኝ» ብሎ ነው የሚቆመው። እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

ከዚያ አዲሱን ዘፈን ጀመራችሁ። ገና አልወጣም ነበር፤ ሰው ግን ከየስልኩ ለቃቅሞ አጥንቶታል። አንተ «ዋንዳ!» ትላለህ፣ አዳራሹ «ቤትሽ ግቢ!» ብሎ ይመልሳል። ኧረ እንዴት ያለ ከበሮ ነው! በሁለተኛው ዙር እጄን ፈትቼ ጮህኩ። በሦስተኛው እየዘለልኩ ጮህኩ። አጠገቤ የቆመ አንድ ፂማም ልጅ ዋንዳ ማን ናት ሲለኝ፣ «እኔ እንጃ፣ ብቻ ቤቷ ትግባ!» አልኩትና እየተሳሳቅን አብረን ጮህን።

ያኔ ነው ከበሮው ዝም ብሎ አንተ ቀስ ብለህ የዘፈንከው። ሥራ ነኝ ብላ ከቤት ስለወጣች ሴት። የገበያው መኪና ማቆሚያ ላይ ሞተሯን አጥፍታ፣ ሬዲዮ ከፍታ ስለምትቀመጥ ሴት። መኪናዋ ነጭ፣ አንዱ በር ብቻ ሰማያዊ። በኦሃዮ ምድር ስንት ነጭ መኪና አንድ ሰማያዊ በር አለው? አፌ እንደተከፈተ ቀረ። የእማዬን ስም፣ ሮንዳን፣ ዋንዳ ብለህ! አንድ ፊደል ቀይረህ እናትህን ደበቅኩ ልትል ነው? ሕዝቡ ሳቀ፣ ከዚያ መልሶ «ቤትሽ ግቢ!» አለ፣ ፂማሙም ልጅ በክርኑ ጎሸም አድርጎ ጩሂ እንጂ አለኝ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ፊቴን በውሃ ታጠብኩ፣ ፊቴ ግን እንደ እሳት መጋሉን አልተወም።

ባንዶቻችን ሁሉ ስለ እናትና አባት አይደል የሚጮኹት? የስንቱን ሰው እናት ዘፍኛለሁ፣ ስንቱን ሰካራም አባት ጨፍሬበታለሁ። የሌላ ሰው እናት ስትሆን ያስጨፍራል። የራስህ ስትሆን የት እንደምትገባ ይጠፋሃል።

በአንተ ብቻ አልፈርድም። ወሬውን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። በምስጋና ቀን ማግስት የተረፈውን የተርኪ ሥጋ በዳቦ እየበላን፣ እማዬ ድሮ የማታ ፈረቃ ነኝ የምትለው ውሸቷን ነበር ብዬ እየሳቅኩ ነገርኩህ። ብሪን ገበያው መኪና ማቆሚያ ላይ አይታት ነው ያልኩህ። አንተም ስቀህ ዝም አልክ። ዘፋኝ ዝም ሲል መፍራት ነበረብኝ።

አሁን ቅዳሜ እዚህ ቶሊዶ ልትጫወቱ ነው። እማዬም ልትመጣ ነው። ሁልጊዜ ሥራ እየያዛት አይታችሁ አታውቅም፣ አሁን ግን ፈቃድ ጠይቃለች። ለምትሠራበት ትምህርት ቤት ምሳ ቤት ሠራተኞች በሙሉ «የልጄ ባንድ» እያለች አውርታለች። ካናቴራችሁን አስልካ ደርሶላታል። እሑድ ከሰዓት ወጥ ቤት ስገባ ምን ስታደርግ ባገኛት ጥሩ ነው? እየተኮሰችው! የባንድ ካናቴራ ሲተኮስ አይቼ አላውቅም።

እንዳትመጣ ማድረግ ፈለግኩ፤ እውነቱን መናገር ግን ፈራሁ። ስለዚህ ደንቡን አመጣሁ። እማዬ፣ የባንዱን ካናቴራ ለብሶ እዚያው ባንድ ዘንድ አይኬድም፣ ያስቃል፣ የሌላ ባንድ ነው የሚለበሰው አልኳት። የማን ሕግ ነው አለችኝ። የሁሉም ሰው ስላት፣ «እና እኔ የማንን ልልበስ? ሌሎቹ ባንዶች እኔ የወለድኳቸው ናቸው?» ብላ መተኮሷን ቀጠለች። መቀመጫ የለም፣ ጉልበትሽ አይችልም አልኳት። የምደገፈው ግድግዳ የለም ወይ አለችኝ። ጆሮሽን ያደነቁርሻል ስላት ደግሞ ሳቀችብኝ፤ አራት መቶ ልጅ በአንዴ ምሳ ሲበላ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ።

ሁሉም ሲያልቅብኝ፣ አንድ ዘፈን አለ ብዬ ጀመርኩ። ካውያውን አቆመችና «ዋንዳን ነው?» አለችኝ።

ሰምታዋለች። በወጣ ቀን መኪና ውስጥ ሆና ሰምታዋለች፣ ደጋግማ። ጥሩ ዘፈን ነው፣ ከበሮው ትንሽ ይቸኩላል አለችኝ። «ደግሞ ሴትዮዋ የምትበላው አይስክሬም እንጆሪ ነው ይላል። ስህተት ነው። ባለ ኦቾሎኒው ነው። ንገሪው።»

ወንድሜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዘፈኑን አስቀረዋለሁ፣ ቅዳሜ አይዘፍነውም ብዬ ማልኩላት። እሷ ግን ተቆጣች፤ ከልቧ ተቆጣች። ካስቀረው አፍሮብኛል ማለት ነው፣ እንዳታደርጊ አለችኝ። ከዚያ ካናቴራውን እያገላበጠች ነገረችኝ። አባታችን ከሄደ በኋላ ቤቱ ያስፈራት ነበር። አንተ ጋራዥ ውስጥ ከጓደኞችህ ጋር፣ እኔ በሬን ቆልፌ ጆሮዬ ላይ ሙዚቃዬን ደፍቼ። ገብታ ብትቀመጥ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። እና መኪናዋ ውስጥ ይሻላታል። እዚህ አገር ሰው ቤቱ የማያለቅሰውን መኪናው ውስጥ ነው የሚያለቅሰው፣ ይሄን እኔም አውቃለሁ። «ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጫለሁ» አለችኝ፣ «አንድ ሰው መስኮቱን አንኳኩቶ ቤትሽ ግቢ ያለኝ የለም። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ይለኛል። ቆሜ መስማት እፈልጋለሁ።» ስትለው ፊቷ ላይ ቅሬታ እንኳ አልነበረም፤ እሱ ነው የገደለኝ።

አሁን ላንተ ብቻ የምነግርህ አለ። ብሪን አይደለችም ያየቻት። እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ስለያዘኝ በገበያው በኩል አቋረጥኩ፣ ሰማያዊውን በር አየሁ። መስኮቱ በትንፋሿ ጉም ለብሶ ነበር። እጄን አንስቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ያን ዕለት ከብሪን ጋር ልሄድ ነው፣ ባንድ ሲጫወት የማየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ቲኬቴ ኪሴ ውስጥ ነው። ካንኳኳሁ ይዛኝ ቤት ትገባለች አልኩና አለፍኩ። ምሽቱ እንዴት ያለ ምሽት መሰለህ! ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። የሙዚቃ እብድ የሆንኩት በዚያ ምሽት ነው ብዬ ከዚያ ወዲህ ለስንት ሰው አውርቻለሁ።

ስለዚህ እማዬ ድንገት «አንቺስ እዚያ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ፣ ዓይኗን እያየሁ በፍጹም አልኳት። ለወንድምሽ ማን ነገረው ብላም አልጠየቀችኝም። እህ ብላ ካውያውን አነሳች፣ አንዱን እጅጌ ጨረሰች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ያ ቢጫ የዝናብ ካፖርትሽ የት ገባ አለችኝ። ጠፍቶብኛል አልኳት። «ያምርብሽ ነበር» አለችኝ። «ጭጋግ ውስጥ እንኳ ከሩቅ ይለይ ነበር።»

እራት ማካሮኒ በአይብ ሠርታ፣ እኔ የምወደውን የተጠበሰውን ጠርዝ ለእኔ አወጣችልኝ።

ወንድሜ፣ ዘፈኑን ዝፈኑት። አይስክሬሙን አስተካክለው። እኔ ግን ከእሷ ጎን ቆሜ ያንን ቃል በምን አፌ እንደምጮኸው አላውቅም፤ ዝም ብልም ዝምታዬን ትሰማዋለች። ቅዳሜ በጊዜ ድረስ፣ ከአዳራሹ በፊት እሷን ሳማት። መንገዱ ይቅናህ፣ ጉሮሮህ ይዳንልህ፣ የሚሰማህ ሰው አይጥፋ። እማዬን ዕድሜ ይስጥልን፣ እኛንም ልብ ይስጠን።

የምትወድህ፣ ያፈረችው እህትህ