በክሪኬት ምክንያት የረፈደ ሽምግልና

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለዓይናለም ደረጄ፣ ሻርጃ።

ስሚ፤ ሰምተሽም ላልሰማ አሰሚ! በደብረ ታቦር ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በዙለይካ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ውስጥ፣ አንድ ነጭ ሱሪ የለበሰ ሰው ከማለዳ እስከ ረፋድ በዱላ ሲመክት ቆይቶ አንዲት ነጥብ አገባ። ነጋሪት አልተጎሰመም እንጂ ነገሩ የሚያስጎስም ነበር።

አዋጁን ካደረስሁ ዘንድ ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንደምን ነሽ? ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ያ ቀኑን ሙሉ የሚያመላልስሽ ደረጃ ጉልበትሽን አልጨረሰውም? ሙቀቱ በረደ ወይስ ዛሬም እንደ ምድጃ አፍ ነው? ማዳምሽስ የዕረፍት ቀን መስጠት ለመደች? እኔ ከጥርሴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም ሁለት ብቻ ስለቀረ ብዙ አያስቸግረኝም።

የወንድምሽ የደሳለው ነገር እንዳሳሰበሽ እናትሽ ማሬ ነግራኛለች። ይፋግ ያለችውን እመቤትን ልንጠይቅለት ሽማግሌ ሆነን እንደሄድን ሰምተሻል። አባቷ ፈንታሁን እንደ ወጉ «ዘመድ ላማክር» ብሎ ለኅዳር ሚካኤል፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠረን። የሚካኤል ዕለት ማጭድ የሚጨብጥ ስለሌለ ዘመዱን ሁሉ ሊሰበስብ ነው። ሰውዬው ደግሞ ቀጠሮ ያፈረሰ ሽማግሌ ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም ባይ ነው። ደሳለው ሳምንቱን ሙሉ እንጀራ ፊቱ ቀርቦ እያየው ነው የሚነሣ፤ ልጂቱን ካጣ አገር ጥሎ እንደሚሄድ ለእናትሽ ነግሯታል።

የሄድነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ጎረቤታችን አያሌውና ያ ባዩ። ባዩ ማለት ሰባ ስምንት ዓመት ኖሮ አንድ ቁም ነገር ሳይወጣው የቀረ ሰው ነው። ታዲያ ለምን ወሰዳችሁት ብትይኝ፣ ሽማግሌ ሦስት ቢሆን ደግ ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ ባዩ ሲደመር ሦስት ይሆናል።

ዙለይካን አታውቂያትም። አንቺ ካለሽበት አገር የፓኪስታን ሰዎች ልጆች ስድስት ዓመት አሳድጋ የተመለሰች የእስላም ልጅ ናት። ጉልበቷን እዚያ ትታ ክሪኬት የሚባል አመል ይዛ መጣች፤ ዲሿን ወደዚያው አዙራ ሌላ ነገር አትከፍትም። ጨዋታው አምስት ቀን ነው የሚፈጅ። አምስት ቀን! ለምሳ ያቆማሉ፣ ለሻይ ያቆማሉ፣ ደመና ሲያዩ እንደ ጫጩት ይሸሻሉ። እኛ የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሯ የሰው ጥርስ አርግፋ ስታልፍ ማን ቆሞ ያውቃል? ይህን ያህል ከናቅሁት ነገር ፊት ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሦስታችንም አልተነሣንም። ሚካኤል የዋለው ጨዋታው ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ነው።

ጠዋት ወደ ይፋግ የሚያሳልፈን የወረታው ሚኒባስ እስኪሞላ ሻይ እንጠጣ ብለን ገባን። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ቆየን፤ ባለአረንጓዴ ቆቦቹ ቀድመው መትተው ነጥብ ቆልለዋል፤ ባለሰማያዊ ቆቦቹ ተከትለው መትተው እኩሌታውን እንኳ ሳይደርሱ ሁሉም ከመቺነት ተባረዋል። እንዲህ ሲሆን የበለጠው ወገን አለቃ ምርጫ አለው። የተበለጡትን «ተመልሳችሁ ምቱ» ይላል፤ ካሻውም ራሱ ገብቶ በነጥቡ ላይ ነጥብ ይጨምራል። አለቃው አገጩን እያሸ ሲያስብ እኛ ወንበራችንን ወደፊት ሳብን።

ባዩ «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሳይነሡ ይድገማቸው!» ብሎ ጮኸ። አያሌው «ወርዋሪዎቹ ከትናንት ጀምሮ የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ ቀንበር ሳይፈታላቸው ሊያርስባቸው ነው?» አለ። እኔ ግን መሬቱን ነበር የማይ። ኳሷ የምትነጥርበት ቦታ እንደ ኅዳር ዋልካ መሰንጠቅ ጀምሯል። «ነገና ከነገ ወዲያ ይብስበታል፤ ኳሷ ስንጥቅ ስታገኝ ወዴት እንደምትዘል የወረወራትም አያውቅ። ዛሬ ራሱ ይምታ፣ ስንጥቁን ለእነሱ ይተውላቸው» አልሁ። ዙለይካ «አባባ፣ ይህን ማን አስተማረዎ?» ብላ ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች። መሬት ሳይ ዕድሜዬን እንደጨረስሁ ነገርኋት። ባዩ «የራሱን ማሳ በአረም ያስበላ ሰው የባሕር ማዶ መሬት ሊያነብ!» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም «አንተ ከእርሻው ይልቅ ጥላው የሚናፍቅህ፣ ደግሞ ስለ መሬት አፍ አለህ?» አልሁት።

ረዳቱ «ወረታ! ወረታ!» እያለ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ሰምተናል። ግን አለቃው ሳይወስን ማን ይነሣል? ያ ደንቆሮ አለቃ በመጨረሻ ምን አለ? «ተመለሱ!» ባዩ እንደ ሙሽራ እልል አለ። ወዲያው ያ በአዋጅ የነገርሁሽ ባለሰማያዊ ቆብ ገብቶ ኳስ እንዳይመታቸው ከሚጠብቃቸው ሦስት ችካሎች ፊት ተገተረ። ይወረውሩበታል፣ ይመክታል፤ ይወረውሩበታል፣ ይመክታል። «ምሳርህ ደነዘ ወይ?» እያልሁ ባዩን ሳቆስለው ሚኒባሱ ሄዷል፣ ሰዓቱም አራት ተኩል ሆኗል።

ይፋግ የደረስነው ስምንት ሰዓት አልፎ ነው። የተሰበሰበው ዘመድ ተበትኗል፣ በሩ ተዘግቷል። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ደጅ ላይ ቆምን። ብንጣራ መልስ የለም። ያን ጊዜ ዝም ብለን ብንቆም ምን ነበረበት? አያሌው ያ ሰው እንዴት እንደመከተ ላሳያችሁ ብሎ የሦስታችንንም ምርኩዝ ሰብስቦ እንደ ችካል ተከለ። ባዩ ግን ቀድሞት ጋቢውን አጣፍቶ የአጥር እንጨት ይዞ ከችካሉ ፊት ቆመ። እኔ አንድ ጓል አነሣሁና ወረወርሁ። ጓሉ ባዩንም ችካሉንም ስቶ የፈንታሁን በር ላይ ፈረጠ።

ፈንታሁን ወጣ። ምርኩዞቹን አየ፣ ባዩን አየ፣ እጄ ላይ ያለውን አፈር አየ። «ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁ ወይስ ደጄን ልትወግሩ?» አለ። በቁጣ ቢናገር ይሻል ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረ። ዘመዶቹ ግማሽ ቀን እንደጠበቁን፣ እንዳፈረባቸው፣ ልጂቱም ከጠዋት ጀምራ ስታለቅስ እንደዋለች ነግሮን «በሉ በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ልጅ የለኝም» ብሎ በሩን ያዘ። አያሌው መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። የደሳለው ፊት በዓይኔ ላይ መጣ።

ያን ጊዜ እኔ ወደፊት ራመድ አልሁና እንዲህ አልሁት፦ «አያ ፈንታሁን፣ ጥፋታችን ጥፋት ነው፤ ቢቀጡን ይገባናል። ግን ስማቸውን ለማናውቅ ሰዎች፣ አይተነው ለማናውቅ አገር ብለን ይህን ያህል ከተሟገትን፣ ልጅዎ እኛ ቤት ገብታ ቅር ያላት ዕለት ስንት ቀን የምንቆምላት ይመስልዎታል?» ከውስጥ ሚስቱ ፈንታነሽ «አንተ ሰው፣ ፀሐይ ላይ አታቁማቸው፤ አስገባቸው!» አለች። ያን ጊዜ በሩን ለቀቀው። ልጂቱን ሰጡን፤ ሠርጉ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ደሳለው ስንነግረው ቁጭ ባለበት አለቀሰ፤ ያን ዕለት ማታ ለሦስት ሰው የሚሆን በላ።

ክሪኬቱ? በአምስተኛው ቀን ዝናብ መጣና ሳይሸናነፉ ተለያዩ። አምስት ቀን ለፍቶ እኩል መውጣት! ባዩ ዝናቡ ባይመጣ አለቃው ልክ ነበር ይላል፤ እኔ አለቃውም ባዩም እረኛ እንኳ አይሆኑም እላለሁ። አያሌው ሁለታችንንም አያናግር።

እናትሽ ማሬ አንገትሽን አቅፋ ስማሻለች። አባትሽ ደረጄ ጤፉን እያጨደ ነው፤ «ጤናዋን ትጠብቅ» ብሏል፣ ሌላ ቃል እንደማይወጣው ታውቂያለሽ። ደሳለው ለሠርጉ እንድትደውዪለት ከአሁኑ ይለምንሻል። ዙለይካ ሰላም ብላሻለች፤ ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ወደዚያ የሚሄደው ወንድሟ ነው። አብረውሽ ለሚሠሩት የአገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አካፍያቸው።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ስለበላኝ ሳልነግርሽ ደብዳቤውን አላሽገውም። ፈንታሁን ደጅ ላይ ተናገርሁ ያልሁሽን እኔ አልተናገርሁም። እኔ አፈር ከእጄ ሳራግፍ ነበር። ያን ንግግር የተናገረው ባዩ ነው። ስለ ክሪኬት አሁንም ምንም አያውቅም፤ ልጂቱን ያስገኘልን ግን እሱ ነው። ማታ ደሳለው ጉልበቴን ስሞ «አባባ፣ ያ አፍዎ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ሲለኝ መረቅሁት እንጂ አላረምሁትም። ባዩ ከጎኔ ተቀምጦ ሰምቷል፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስትደውዪ ለወንድምሽ አንቺ ንገሪልኝ።

አያትሽ ይሻው
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.